ክሩ የሚያልፍበት

በቺሊ ደቡብ ጫፍ፣ ባሕር የብሱን በቆራረሰበት፣
ጀልባ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ሲፈልግ በሚደርስበት፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ውሎ፣
ሹራባችን ርሶ፣ የበግ ጠረን አዝሎ፣
አሥራ አንድ ነበርን፣ አራተኛ ክፍል።
መጻሕፍቱን አንድ ቀን ሥራ ፈትተን ቆጠርን፤
ሁለት መቶ አሥር፤ አንዱን አይጥ ጀምራ፣ ሳይጥማት ትታው አገኘን።

ዶኛ ኦቲሊያ ቦቲዋን በር ላይ ትታ፣
በሱፍ ካልሲዋ እንደ ድመት ገብታ፣
መጽሐፍ አልሰጠችንም። ድንች ነው የያዘችው፣
ጆንያ ሙሉ፣ ከጓሮዋ የቆፈረችው።
ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ጣት መሳይ፣ ጠማማ፤
ሁሉም ስም አለው፣ ልጅ ከአያቱ የሰማ።
“በሉ፣ በስማቸው አሰልፏቸው፣ በፊደል ተራ፤
ትልቁ በትልቅነቱ፣ ውቡ በውበቱ አይኩራ።”

ተጨቃጨቅን። ኤቫሪስቶ “ኤኜ” የተባለውን ፊደል
ከ“ኤኔ” ቤት ገፍቶ ዶለው።
“ባርኔጣውን አታይም? የራሱ ቤት አለው፤
ተከራይ አይደል።”

ማታ ሰልፉ ተቀቅሎ ተበላ፣
ከኣ እስከ ዜታ፣ በጨው፣ አንድም ሳይቀር ኋላ።

ከዚያ ወዲያ ነው መጽሐፍ። “ሽፋን ሰላምታ ነው” አለች፣
ገልብጣ ከመጨረሻው ከፈተች፦
“ይሄ ማውጫ ነው፤ የቤቱ ዘበኛ፣
ማን የት እንደሚያድር የሚያውቅ፣ የማይተኛ።
ስም ስጡት፣ ቁጥር ይሰጣችኋል፤
ቁጥሩ በር ነው፤ ማንኳኳቱ ለእናንተ ቀርቷል።
አላውቅም ማለት ነውር የለውም፤
እዚያው ላይ ማደር ነው እንጂ፣ እሱን አልወድም።”

ሊካራየን፣ የዛጎል ጠላቂው ልጅ፣ ከኋላ የምትቀመጠው፣
ትልቁን አትላስ ጎትታ ወለል ላይ ዘረጋችው።
የኛን ደሴት ፈለገች። ጣቷ በማውጫው ወረደ፣
ከኩይካ ወደ ኩይላ ተራመደ፤
ኩይናል፣ ገጽ ሰማንያ ስምንት፣ ኤፌ አራት።
ገለጠች። ባሕር። ባሕር። የሰው ደሴት። ጥልቀት።
እኛ የለንም።

“ማውጫው ዋሸ!” አለች። ኤቫሪስቶ ሳቀ፤ ዶኛ ኦቲሊያ አልሳቀችም።
ተንበረከከች፣ አየች። “እኔም እንጃ” አለች፤
አስተማሪ እንዲያ ሲል ሰምተን አናውቅም።
“ማውጫም ይሳሳታል፤ ሰው ነው የጻፈው። ግን መጀመሪያ፣
ገጹን ሁሉ አይተናል ወይ? እስከ መጋጠሚያው?”

ሁለቱ ገጾች ተቃቅፈው በሚገቡበት ስንጥቅ፣
በዚያ ጠባብ ሸለቆ፣ ብርሃን በማይዘልቅ፣
ማስመሪያ ሰደደች፤ ገፋች፤ መጽሐፉ አቃሰተ፣
ሙጫው እንደ ስስ በረዶ ተሰነጠቀ፣ ተከፈተ፤
ከስፌቱ ሥር፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣
ወገቧን መርፌ ወግቷት፣ ነጭ ክር በመሀል፣
ኩይናል።

ሊካራየን ገመድ ታውቃለች፤
አባቷ ከባሕር ሥር ሲቆይ፣ ጀልባው ላይ ጫፉን ትይዛለች፤
አንድ ጊዜ ሲጎተት ደህና ነኝ ነው፣ ሁለቴ ሲጎተት አውጡኝ።
አሁን ያንን ክር በጥፍሯ ነካ አደረገችው፣
ቀስ ብላ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።
“በኛ ቤት ነው የሚያልፈው” አለች።
“እኛን ቢፈቱ፣ መጽሐፉ ይበተናል?”

ዶኛ ኦቲሊያ መልስ አልሰጠችም።
ከምስማር ሳጥኑ፣ የካርድ መሳቢያ ካደረገችው፣
አንድ ባዶ ካርድ መዘዘች፣ እርሳስም አቀበለቻት።

ጻፈች፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፦
“ኩይናል። ትልቁ አትላስ። ገጽ ሰማንያ ስምንት።
ካጣችሁን ትንሽ ግፉ።
ግን ክሩን አትቁረጡ።”

ዶኛ ኦቲሊያ አንዲት ፊደል አረመች፤ ሌላውን አልነካችም።
በተራው ከተተችው፣ ከኩይላ ኋላ፣
መሳቢያውን በጉልበቷ ዘጋችው፤ ሲርስ እምቢ ይላል።
ውጭ ጀልባው ጮኸ። ቦቲያችንን ፍለጋ ወጣን።